ቢጫው ሙሽራ

ባለፈው ሰሞን ዘመድ ልጠይቅ ሆሳዕና ሄጄ በርበሬ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ተሰለፍኩ። ከእኔ ፊት የነበረችው ሴትዮ እርድ አስፈጭታ ወጣች። የወፍጮው ልጅ "ጠርጌዋለሁ፣ አትጠራጠሪ" ብሎ ቢምልልኝም በርበሬዬ ገና ሲወርድ ቢጫ ዱቄት ይዞ ወረደ። በሌላ ቀን ቢሆን ወፍጮ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው ነበር፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ያን ቀን ግን ሞቅ ያለው፣ አፈር አፈር የሚለው የእርድ ሽታ ሲመታኝ ከረጢቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

እርድ ለሰው የአልጫ ማጣፈጫ ነው። እኔ ግን በሸተተኝ ቁጥር አያቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከመካከለኛው ክፍል በር ፊት፣ እግሩን አጣጥፎ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ቢጫ ሰውዬ ፊቴ ይመጣል። ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ያንን ሰውዬ ስፈራ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር እስካሁንም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ቤታችን እዚያው ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ የሚባለው ሰፈር ነበር። እማማ ኸይሪያ የምንላት አያቴ ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት ትኖራለች፤ እኔና ወላጆቼ እዚያው ግቢ ከኋላ ባለው ቤት። አባቴ አይሱዙ ይነዳል፤ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ታናሽ ወንድሙ ጀማል ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ነበር። በእኛ ከተማ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ተፈልጎም አይገኝ። ጀማል የሄደው እኔ ሳልወለድ ነው። ትልቁን ቤት ያሠራው እሱ ስለሆነ መካከለኛው ክፍል የእሱ ነው ተብሎ ይቆለፋል። ውስጡ አልጋ ከነኮመዲኖው፣ መስታወት ያለው ቁም ሳጥን፣ ፍራሽ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። "ላስቲኩን ራሱ ጀማል መጥቶ ይቀደዋል" ትላለች አያቴ። እዚያ አልጋ ላይ ማንም ተኝቶ አያውቅም።

መልኩን አላውቀውም። አያቴ ፎቶ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ስለምትል ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ይደውላል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ይደረጋል፣ ቀጭን ድምፅ "እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ?" ይላል። ድምፁ ከዚያች ሚጢጢ ስልክ ሲወጣ ስለምሰማ ሰውዬውም ያን ያህል ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

ሙኒራ የምትባል ሴት ያገባው እኔ ስምንት ዓመት በሆነኝ በዚያው ዓመት ነው፣ ሳይመጣ። ይሄም ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀለት ከወጣ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ አባቴ ወኪል ሆኖ ሆመቾ የሙኒራ አባት ቤት ሄደና በወንድሙ ስም ኒካሁን አሰረ። ሙሽሪት ባሏ እስኪመጣ ወይም እስኪወስዳት ድረስ አማቷ ቤት ገብታ ትጠብቃለች። ሙኒራ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ጀማልን በስልክ እንጂ በአካል አይታው አታውቅም።

የገባች ዕለት ሳሎኑ ውስጥ ለሙሽሮች ሁለት ወንበር ተዘጋጀ። በአንዱ እሷ ተቀመጠች፣ አንዱ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ያን ባዶ ወንበር ላለማየት ይታገላል። እሷ ግን ትንሽ ቆይታ ተነሳች፣ ሻንጣዋን ከፈተች፣ በፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት የእንጨት ሰዎች አውጥታ ከመካከለኛው ክፍል በር ፊት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

ቁመታቸው ከክንዴ አይበልጥም። ወንዱ ደረቱ ራቁት ነው፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ራሱ ላይ ጥቁር ረጅም ቆብ አድርጓል። ሴቲቱ ተንበርክካ ተረከዟ ላይ አርፋለች፤ ፀጉሯ ከኋላ ተጠቅልሏል፣ ግንባሯ ላይ በጥቁር የተሣለ ጌጥ አለ። ገላቸው ቢጫ ነው። ሁለቱም ዓይናቸውን ገርበብ አድርገው፣ አፋቸውን ገጥመው ፈገግ ብለዋል። ተኝተው ይሁን ነቅተው አይለይም።

"ሙሽራው የታለ?" ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ።

ሰው ድንግጥ አለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ ባለሱቋ የጉራጌ ሴት፣ እንዲህ ያለ ነገር ማለዘብ ታውቅበታለች። "ያውልሽ ቁጭ ብሎ። አታይውም እንዴ እንዴት እንዳማረበት?" አለችኝ።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። ያ ቀጭን ድምፅ የዚህ ሰውዬ ድምፅ ነው። አጎቴ ጀማል መጥቷል ብዬ እጁን ልስም ስሄድ እናቴ በክንዴ ጎትታ መለሰችኝ።

በማግስቱ እንግዳው ሲወጣ አያቴ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የሙሽሮች ምስል ነው እማማ። የጃቫ ሰዎች ናቸው ቤታቸው የሚያስቀምጡት። ጅዳ አብራኝ የምትሠራ ያቲ የምትባል ጓደኛ ሰጥታኝ ነው።"

"ጃቫዎቹ ክርስቲያን ናቸው?"

"ሙስሊም ናቸው። ያቲ አምስቱንም ወቅት ትሰግዳለች።"

"አምስቱንም እየሰገደች ጣኦት ትይዛለች?"

"አይመለኩም እማማ። ሴቲቱ የሩዝ እናት ናት ይላሉ፣ ወንዱ ባሏ ነው። እነሱ ባሉበት ቤት እህል አይጎድልም፣ ባልና ሚስት አይለያይም ነው የሚሉት። እኔም ለባልና ሚስቱ ብዬ ነው እንጂ ለሌላው አይደለም።"

አያቴ "እኛ ሩዝ አንዘራም። እንሰታችንን አላህ ይጠብቀዋል" አለች። ቀጥላ ግን፣ "ይሁን። ልጄ መጥቶ ራሱ ይጥለው" ብላ ሄደች። ሙኒራ ፊቷ በራ። ጀማል እስኪመጣ ተፈቀደላት ማለት ነው፤ ጀማል መምጣቱን ደግሞ ሁለቱም አልተጠራጠሩም።

ከዚያ በኋላ አያቴ ልትሰግድ ስትል አሮጌ ሻርፕ ትጥልባቸዋለች። እንዲያ ባታደርግ ይሻለኝ ነበር። ሻርፑ ሥር ሁለት ራስ ብቻ ጉብ ብሎ ሲታይ የባሰ ያስፈራል፤ ከሻርፑ ሥር ዓይናቸውን የገለጡ ይመስለኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ወደ ማምሻው ሙኒራ እርድ በዘይት በጥብጣ በትንሽ ድስት ለብ ታደርግና ገላቸውን በጣቷ ትቀባለች፤ ፊታቸው ባለች ሲኒ ውስጥም ትንሽ ሩዝ ትጨምራለች፣ አያቴ ግን ሩዝ ለእንጨት ሐራም ነው ትላለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እንጨቱስ ቀለም አልነበረውም፤ ቢጫው ሁሉ እርድ ነው።

"በያቲ አገር ሙሽሮች ሲሞሸሩ ገላቸው እንዲህ ይቀባል" ትለኛለች። "የእነዚህም ስም የተቀቡት ሁለቱ ማለት ነው። የያቲ እናት ቤት መካከለኛ ክፍል አለ፤ አልጋ ተነጥፎለታል፣ ሰው ግን አይተኛበትም። የሩዝ እናት ስትመጣ የምታርፍበት ነው። እነዚህ ከበሩ ፊት ይቀመጣሉ። የእማማን መካከለኛ ክፍል ሲነግሩኝ ይሄው ነው እኮ አልኩ።"

"ያቲ ለምን ሰጠችሽ?"

"ባሏ አገር ቤት ሌላ አገባባት። ለእኔ ጥንድ ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ ውሰጂው፣ ብቻ እንዳትለያዪያቸው አለችኝ።"

"ብትለያዪያቸውስ?"

 "እንጃ፣ እሱን አልጠየቅኳትም" አለች። ከዚያ ስልኩ ጠራ፣ ሙኒራም ቢጫ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ሮጠች። ጀማል ሲያወራ እኔ የምመለከተው ቢጫውን ሰውዬ ነበር። አፉን ሳይከፍት እንዴት እንደሚያወራ ይገርመኛል።

ረመዳን ክረምት ላይ የዋለበት ዓመት ነው። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል። አንድ ሐሙስ ወደ ማምሻው አባቴ ከመንገድ ባልተለመደ ሰዓት ተመለሰ። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ የተኛሁ መስሏቸዋል።

"ጀማልን ገደሉት" አለ ለእናቴ። "ሱቁ ውስጥ፣ ሌቦች። እዚያው ቀብረውታል።"

እናቴ አፏን በሻርፗ አፈነች። ቆይታ፣ "እማማስ? ያቺ ልጅስ?" አለች።

"ሽማግሌዎቹ ጾሙ ይውጣ ብለዋል። ዒድ ይለፍና ሁለቱንም አንድ ላይ እናረዳቸዋለን። እስከዚያ እንኳን ከአፍሽ ከፊትሽም እንዳይታወቅ።"

መርዶ ጊዜ አለው። የሞተበት ሰው አጉል ሰዓት እንዳይሰማ ይደበቃል፣ ከዚያ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ይነግራል። ይሄን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ያኔ አላውቅም። ቀስ ብዬ ተነሳሁና በዝናቡ ወደ ትልቁ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም። ሰውዬው እንደ ወትሮው ተቀምጧል፣ ፈገግ ብሏል።

ሞቷል የተባለው ይሄ ነው። ታዲያ ለምን አልወደቀም? ከአፍንጫው ሥር ጣቴን አስጠጋሁ። ትንፋሽ የለም። ደረቱን ነካሁት። ሞቀኝ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሙኒራ ገና አሁን ቀብታው ዘይቱ እንዳልቀዘቀዘ መገመት ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር አይደለም። ያን ቀን የገባኝ ሌላ ነው፤ መርዶው ስላልተነገረ ሰውዬው ራሱም መሞቱን አልሰማም፣ እስኪነገረው ድረስ ሞቶ ይቀመጣል ብዬ አመንኩ። ጣቴ ቢጫ ሆነ። በሳሙናም በአመድም ባሸው አልለቅ አለ፤ በማፍጠሪያ ሰዓት እጄን ከቀሚሴ ሥር ደብቄ በግራ ስበላ አያቴ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አየችኝና ሰሃኑን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ።

ያን ማታ ስልኩ አልጮኸም። "ሲሙ ጠፍቶበት ነው፣ ሰው ልኮ ነግሮኛል" አለ አባቴ። ሙኒራ "እሺ" አለች። በሚቀጥለውም ሐሙስ ድስቷን ጣደች፣ እርዷን በጠበጠች፣ ቀባችው። የሞተ ሰው እየቀባች መሆኑን ልነግራት እፈልጋለሁ፤ ግን ብነግራት እሱም ይሰማል፣ ከሰማ ደግሞ እዚያው እጇ ላይ ይወድቃል ብዬ እተወዋለሁ።

ቤቱ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ደግ ሆነ። በአጥር የተነሳ ከአያቴ ጋር ተኮራርፋ የነበረችው እትዬ ዘነበች ስኳር ይዛ ለአፍጥር መጣች። ምስሎቹ ካልወጡ እዚህ ቤት ውሃ አልጠጣም ብለው የነበሩት ሐጂ አብዱ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ገብተው ምስሎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው አፈጠሩ። አያቴ ራሷ ሻርፑን መጣል ተወች፤ ፊቷን ወደ ሌላ ግድግዳ አዙራ ትሰግዳለች። እኔ ይሄ ሁሉ የቢጫው ሰውዬ ሥራ መሰለኝ። ሰውን ሁሉ አፍዞታል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት አያቴ ጓሮ እንሰቷ ጋ ነበረች። ሳሎን ስገባ ጠረጴዛው ላይ ሴቲቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ወንዱ የለም። የተቀመጠበት ቦታ ላይ የዘይት ክብ ቀርቷል። እዚያው እንደቆምኩ፣ በሩ ላይ ቁልፉ ከተሰካበት ከመካከለኛው ክፍል ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ የፍራሹ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ዝም አለ። ደግሞ ተንኮሻኮሸ፣ ሰው ሲገላበጥ እንደሚያደርገው። ሴቲቱ ፈገግ እንዳለች ነው። እኔ በሩን ሳልዘጋ ወጥቼ ማታ ድረስ የእናቴን ቀሚስ ሳልለቅ ዋልኩ።

ለአፍጥር ስንገባ ሰውዬው ቦታው ተመልሷል። ቀኝ ጉንጩ ላይ ግን እርዱ ተጠርጎ እንጨቱ ታይቷል። ሙኒራ ሾርባ ስትቀዳ ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረች፤ የእሷም ጉንጭ ቢጫ ነበር። የሞተው ሰውዬ ስሟታል አልኩ በልቤ። አያቴም ያንን ጉንጭ አየች፤ ዓይኗ ከሙኒራ ጉንጭ ወደ እንጨቱ፣ ከእንጨቱ ወደ ሾርባው ሄደ። "ብዪ እንጂ ልጄ፣ ደከመሽ እኮ" አለቻት። ከዚያ በፊት ልጄ ብላት አታውቅም።

ዒድ መጣ። በግ ታረደ፣ ሰው ለበሰ፣ እኔም አዲስ ጫማ ተገዛልኝ። አባቴ ሥጋ አፉ ውስጥ ይዞ ሳይውጥ ብዙ ቆየ። እናቴ ጭስ ነው እያለች ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ጭስ ግን አልነበረም። ሙኒራ እጇን ሂና ተቀብታ እንግዳ ታስተናግዳለች። ሰው ሲሄድ አያቴ ከሰሃኗ ላይ ሩዝ በማንኪያ ዘግና ምስሎቹ ፊት ባለችው ሲኒ ውስጥ ጨመረች። ያቺ ሩዝ ለእንጨት ሐራም ነው የምትለው አያቴ። ሙኒራ አይታ አመሰገነቻት። ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ያን ፈገግታ ሳይ ሁለቱም ቀስ በቀስ እንጨት እየሆኑ መሰለኝና እናቴን ወደ ቤታችን እንሂድ ብዬ አለቀስኩ።

ዒድ ካለፈ በኋላ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ወንዶች ጋቢ ተከናንበው በጭቃው ገቡ፣ ሴቶች ከኋላ ተከተሉ። እናቴ እኔን ማስቀረት ረስታ ስለሄደች ተከትያት ሳሎን ገባሁ። አያቴ ከስግደቷ ገና አልተነሳችም። ሙኒራ ከጎኗ ተቀምጣለች። ሐጂ አብዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ አላህ ውሳኔ፣ ስለ ሰው ልጅ እድሜ፣ ስለ መንገደኛ ከሩቅ እየጀመሩ መጡ። እኔ ዓይኔን ከቢጫው ሰውዬ አልነቀልኩም። አሁን ይሰማል፣ አሁን ይወድቃል እያልኩ ነው።

"ሐጂ" አለች አያቴ፣ "ይበቃል። እኔ ሰምቻለሁ። ለእሷ ንገሩልኝ፣ እኔ መናገሩ አልሆነልኝም።"

"ማን ነገረሽ?" አለ አባቴ።

"ማንም። ዘነበች ስኳር ይዛልኝ ስትመጣ ነው ያወቅሁት። ሰው እንዲያ ደግ የሆነብኝ ለምንድን ነው? ይቺ ልጅ እንዳትሰማ ብዬ ዝም አልኩ። ሩዝም የጨመርኩላቸው እንዳትጠረጥር ብዬ ነው።"

ሙኒራ ቀና ሳትል፣ "እኔም አውቃለሁ እማማ" አለች። "ሐሙስ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው መቀባቴን ያልተውኩት፤ ብተው ይጠይቁኝ ነበር።"

 ልታለቅስ አፏን የከፈተች ሴት ሁላ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ ብቻ ሰውዬውን አያለሁ። ተነገረ፤ እሱ ግን አልወደቀም።

"ያን እንጨት አምጪልኝ" አለች አያቴ።

ሙኒራ ደነገጠች። አባቴም ልትሰብረው ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም "እማ፣ አሁን ተይው" አለ። አያቴ እጇን ዘረጋች። ሙኒራ ተነስታ ወንዱን አመጣችና እንደማይለቅ ሰው ያዝ አድርጋ ቆይታ ሰጠቻት።

አያቴ ጭኗ ላይ አጋደመችው። "ሬሳውን አላየሁ። ቀብሩን አላየሁ" አለች። የሻርፗን ጫፍ ይዛ ፊቱን መጥረግ ጀመረች። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን እያለች ቀስ ብላ ጠረገች፤ ቢጫው ወደ ሻርፑ ሄደና ቡናማው እንጨት ወጣ።

"ጠይም ነበር" አለች ለሙኒራ። "ስልክ ላይ እንደሚታየው ቀይ አይደለም። ጠይም ነው ልጄ። እዚህ ጋ ደግሞ ጠባሳ አለው፤ ሕፃን ሆኖ እንሰት ስፍቅ ሾልኮ መጥቶ መፋቂያው ያገኘው ነው። ብዙ ደም ፈሰሰው፣ ግን አላለቀሰም።"

ሙኒራ ቀርባ ተንበረከከችና ፊቷን ወደ እንጨቱ ዝቅ አደረገች።

"የት ጋ?" አለች።

አያቴ የሙኒራን ጣት ይዛ ከቅንድቡ በላይ አስቀመጠችላት።